ከፊት ለፊት ያለችው

ዓይናዲስ መጽሐፍ የምታነበው ዘቅዝቃ ነው። ፊደሉ አናቱን ወደ እሷ ደፍቶ፣ እግሩን ወደ ማዶ ዘርግቶ፣ እሷ ከቀኝ ወደ ግራ ትለቅመዋለች። እስራኤል እንደ ደረሰች፣ ነታንያ ከተማ ላይ ዕብራይስጥ ሊያስተምሯት ክፍል አስገብተዋት ነበር። አስተማሪዋ የአማርኛ ጋዜጣ ዘቅዝቃ ስትይዝ አየቻትና ምንም ሳትጠይቅ «ማንበብና መጻፍ የማትችል» ብላ መዘገበቻት። ዓይናዲስም አልተከራከረችም። ምን ብላ ታስረዳ? ይኸው ስንት ዘመን አልፎ ዕብራይስጧ ከገበያና ከሐኪም ቤት አልዘለለም፤ አማርኛውን ግን ሳታነብ የዋለችበት ቀን የለም። ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ያገሯ ሰው ከበርበሬና ከሽሮ ጎን አሮጌ የአማርኛ መጻሕፍት ይሸጣል። ልብ ወለድ ይሁን የንብ እርባታ መመሪያ ደንታ የላትም፤ ያገኘችውን ገዝታ ትገባለች።

የልጅ ልጆቿ በዚህ እየሳቁ አደጉ። ይሳቁ፤ ሳቅ አይገድልም። የማያስቀውን ነገር ግን አንዳቸውም አንሥተውት አያውቁም። ዓይናዲስ ልታነብ ስትል መጀመሪያ ወንበር ታመጣለች። ለራሷ አይደለም፤ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከፊት ለፊቷ ታስቀምጠዋለች። መጽሐፉን ለዚያ ወንበር አቅንታ ትዘረጋለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታነባለች፤ የገጹ መጨረሻ ስትደርስ «ግለጪ» ትላለች። ከዚያ ትጠብቃለች። አንዳንዴ ጥቂት፣ አንዳንዴ ወጡ እስኪያር ድረስ። በመጨረሻ ገጹ ይገለጣል። የሚገልጠው የገዛ እጅዋ ነው፤ ይህን አትክድም። እጅዋን የላከችው ግን እሷ አይደለችም።

ያ ወንበር ላይ ሰው አይቀመጥም። አንድ ጊዜ አማቿ ሳያውቅ ተቀምጦበት፣ ዓይናዲስ ፊቷ አመድ መስሎ ከክፍሉ ወጣች፤ ምሳም አልበላች። እንግዳ ነገር ነው ብለው ዝም አሉ። የአገር ቤት ሰው ብዙ እንግዳ ነገር አለው እየተባለ የሚታለፍበት ቤት ነው።

ሌላም ነገር ነበረባት። ሰውን ፊት ለፊት አታይም። ስታነጋግርህ ዓይኗ ከትከሻህ በላይ የሆነ ቦታ ላይ ነው። ሕፃን ሲወለድ ደግሞ የባሰ ነው፤ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ትስብና እግሩን ብቻ አይታ «ሸጋ ነው፣ ይደግልን» ብላ ትመለሳለች። ያሳደገቻቸውን የልጅ ልጆች ሁሉ በእግራቸው ነው የምታውቃቸው ብል ማጋነን አይሆንም። ልጇም ይህን ዓይን አፋርነት ትለው ነበር።

ነገሩን ያፈረጠችው የልጅ ልጇ ልዕልት ናት። ልዕልት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። አማርኛዋ ትንሽ ይወለጋገዳል፤ ግን አፏ አያርፍም።

«እምዬ፣ ስወልድ ልጄን ታቅፊልኛለሽ?»

«ምነው አላቅፍ? አቅፋለሁ።»

«ታይዋለሽ ወይ ነው የምልሽ። ፊቱን።»

ዓይናዲስ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። ልዕልት እጅዋን ሆዷ ላይ እንዳደረገች ጠበቀቻት፤ ጨርሶ የምትነሣ አልመሰለችም። አሮጊቷ እዚያው ተቀምጣ፣ ወደ ባዶው ወንበር እየተመለከተች፣ ለማንም ነግራ የማታውቀውን ነገረቻት።

ያኔ ልጅ ሳለች፣ ከጎንደር አለፍ ብላ ባለችው መንደራቸው በኮሶዬ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነበረ። ልጅ አዋቂ ሳይባል ሁሉም ከዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሀ ሁ ይላል፤ መጽሐፉ ግን ለአንድ ረድፍ አንድ ነው። ሐረገወይን የምትባል ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ ከላይ፣ ከመንገዱ ዳር የሚያርሱ ክርስቲያኖች ናቸው። የዓይናዲስ ቤተሰብ ከታች ከምንጩ አጠገብ፣ አባት ማረሻ የሚቀጠቅጥ፣ እናት ሸክላ የምትሠራ ቤተ እስራኤል ነው። ሁለቱ ልጃገረዶች ከረድፉ ሁሉ ቀድመው ፊደል ለዩ። ሐረገወይን ጎንደር ከተማ የሚሠራ ወንድም ስለነበራት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የተረት መጽሐፍ አመጣላት። እሱን ከትምህርቱ በኋላ ብቻቸውን ያነቡት ጀመር።

እንዴት አድርገው? ሁለት አጥር ነበረባቸው። የዓይናዲስ እናት «ከነሱ ሰው ጋር ከተነካካሽ ወንዝ ወርደሽ ሳትታጠቢ ደጄን አትረግጭም» ትላለች፤ በቤተ እስራኤል ዘንድ ይህ ሕግ ነው። የሐረገወይን እናት ደግሞ «የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ዓይኗን እንዳትጥልብሽ፣ ከጎኗ አትቀመጭ» ትላለች፤ ቡዳ ማለቷ ነው፣ ይህም በላይኛው መንደር ከሕግ አይተናነስም። እንግዲህ ጎን ለጎን መቀመጥ የለም፤ መጽሐፍ መቀባበልም የለም። ልጃገረዶቹ ግን መላ አላጡም። ከምንጩ አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረ። ሐረገወይን መጽሐፉን ድንጋዩ ላይ ለራሷ አቅንታ ትዘረጋለች፣ ዓይናዲስ ከማዶ ትቀመጣለች። የምትገልጠው ሐረገወይን ናት፤ የዓይናዲስ እጅ ከጉልበቷ አይነሣም። ገጹን ስትጨርስ «ግለጪ» ትላለች። ቀድማ የጨረሰችው ያልጨረሰችውን ትጠብቃለች። ዓይናዲስ ማንበብ የለመደችው እንዲህ ነው፤ ፊደል ለእሷ ከመጀመሪያውም ዘቅዝቆ የመጣ ነው፣ ከመጽሐፉ ማዶም ሁልጊዜ ሰው አለ።

የመጨረሻው ቀን ነፋስ ነበር። ተረቱ ላይ አንዲት ልጅ ጉም ውስጥ መንገድ ጠፍቷት ከአንድ ቤት ደጃፍ ትደርሳለች። ስታንኳኳ ከውስጥ «ማነሽ?» የሚል ድምፅ ትሰማለች። ገጹ እዚያ ላይ ያልቃል። ሐረገወይን ገና ሳትጨርስ ነፋሱ ገጹን አነሣው፤ ዓይናዲስ ሳታስበው አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። ለእናቷ ጭቃ ስትረግጥና ስታሽ ቆይታ ነበርና ጣቷ ወረቀቱ ላይ ታተመ። ሁለቱም ደንግጠው ቀና አሉ። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ እስከዚያ ቀን እንዲያ ተያይተው አያውቁም ነበር። ሐረገወይን መጽሐፉን ዘግታ ወደ ላይ ወጣች።

በማግስቱ ሐረገወይን ወደቀች። ያንቀጠቅጣታል፣ ያስቃዣታል፣ ሰው አትለይም። እናቷ ስትፈትሽ መጽሐፉን አገኘች፤ ገጹ ላይ የሸክላ ጭቃ ጣት አገኘች። ከዚያ ወዲያ ማስረዳት የለም። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በላቻት ተባለ። የዓይናዲስ አባት እንዲህ ያለ ወሬ በምን እንደሚያልቅ ያውቃልና ወናፉንና ልጆቹን ይዞ፣ አይከል አካባቢ ወዳሉት የሚስቱ ዘመዶች ገሠገሠ። ዓይናዲስ እዚያው ተዳረች፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶም ከሌሎቹ ቤተ እስራኤሎች ጋር በእግሯ ወደ ሱዳን ወጣች። ሐረገወይን ዳነች ወይም ሞተች ያላት ሰው የለም። መጠየቅም ፈራች።

«ሱዳን ውስጥ፣ መጠለያው» አለች ዓይናዲስ፣ «እናቴን የቀበርን ሰሞን ነው። ስኳር የተጠቀለለበት ቁራጭ የአማርኛ ጋዜጣ አገኘሁ። መሬት ላይ ዘቅዝቄ ዘርግቼ አነበብሁት። ስጨርስ እንደ ልማዴ ግለጪ አልሁ። ወረቀቱ ተገለበጠ። ነፋስ አልነበረም ልጄ። ቀና ስል ተቀምጣለች። ያው የመጨረሻው ቀን እንደነበረችው።»

ልዕልት ወደ ባዶው ወንበር ዞር ማለት ፈለገችና ተወችው።

«በሕይወት ያለ ሰው እንዲያ አይመጣም» አለች ዓይናዲስ። «ከመጣች ሞታለች። ከሞተች የገደላት ዓይኔ ነው። ይኸው ነው።»

ነገሩን የሚያከፋው፣ ያችን ልጅ መፍራቷንና መናፈቋን ለይታ አለማወቋ ነው። በቃኝ ብላ መጽሐፍ መዝጋት ትችል ነበር። አልዘጋችም። አማርኛ ባነበበች ቁጥር የገደለቻት ልጅ እንደምትመጣ እያወቀች፣ በየቀኑ ወንበር ታቀርብላት ነበር።

«እንሂድና እንጠይቅ» አለች ልዕልት። «ካልሆነም መቃብሯን ታያለሽ። ልጄን በነጠላ ተሸፍነሽ ስታይው ግን ዝም ብዬ አልቀመጥም።»

መንገዱ ሰላም ነው የተባለ ሰሞን ጎንደር ገቡ። ፒያሳ ላይ ሆቴል ያዙ። ዓይናዲስ ክፍሏ ውስጥ ሁለት ወንበር ስታይ ደስ አላላትም። መጽሐፍም አልዘረጋችም፤ ያቺ ልጅ እዚህ፣ አገሯ አጠገብ ከመጣች ፊቷን እንዴት አድርጌ አያለሁ ብላ ፈራች። ጠዋት መኪና ተከራይተው የደባርቅን መንገድ ያዙ። ኮሶዬ ሲደርሱ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ መንገዱን አቋርጦ ይሄዳል። ምግብ ቤቶቹ አዲስ ናቸው፤ ቆርቆሮው አዲስ ነው። ቁልቁለቱ ግን ያው ነው፣ ምንጩም ያው ነው። የሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ቦታ ላይ ገብስ በቅሏል። ዓይናዲስ አላለቀሰችም። ድንጋዩን ፈልጋ አገኘችው፤ ልብስ ይታጠብበታል መሰለኝ፣ ነጭ የሳሙና ቅሪት ነበረበት።

ወደ ላይ ሲወጡ የሐረገወይን አባት ቤት በነበረበት ቦታ የቆርቆሮ ቤት አገኙ። አንዲት ጎልማሳ ሴት ወጣች፤ ስሟ አምሳል ነው። የጠዋት እንግዳ አላስደነገጣትም።

«የሐረገወይን ዘመድ ነሽ?» አለቻት ዓይናዲስ፣ ዓይኗን ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ አድርጋ።

«ልጇ ነኝ። ምነው እማማ?»

ልጅ። ዓይናዲስ ይህ ቃል ምን እንደሚል ቶሎ አልገባትም። ከአፏ የወጣው አስቀድማ ስታጠናው የመጣችው ጥያቄ ነው።

«የት ነው የተቀበረች?»

አምሳል በቁጣና በሳቅ መካከል ሆነች። «ምነው እማማ፣ በጠዋት? እናቴ እኮ እቤት ተቀምጣለች።»

ልዕልት የአያቷን ክንድ ያዘች። ዓይናዲስ ግን ክንዷን አስለቅቃ፣ ነጠላዋን እንደ ልማዷ ግንባሯ ድረስ ስባ ገባች።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። መደቡ ላይ አንዲት ነጭ ሻሽ ያሰረች ቀጭን አሮጊት ተቀምጣለች። ከፊት ለፊቷ ማንም ያልተቀመጠበት የእንጨት ዱካ አለ። ጉልበቷ ላይ ዳዊት ተዘርግቷል፤ እሷ ግን አታየውም። ሁለት ዓይኖቿ ወተት መስለዋል። ጣቷ የገጹን ጫፍ ይዞ ይጠብቃል። ዓይናዲስ ያንን አያያዝ አወቀችው። ከደጃፉም ፈቀቅ አላለችም።

«ማነሽ?» አለች ዓይነ ስውሯ።

ዓይናዲስ ስሟን ልትናገር አፏን ከፈተች። ስሟ አልወጣም።

«ግለጪ» አለች።

ሐረገወይን የያዘችውን ገጽ ለቀቀችው። ከዚያ፣ ለሰው ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር አድርጋ፣ «ዛሬስ በድምፅ መጣሽ» አለች።

ልዕልት ስትነግረኝ፣ ከዚያ ሁሉ ነገር ያስፈራት ይህ ነው። ሴትዮዋ አልደነገጠችም። ለምዳዋለች።

«እማዬ፣ ሰው ናት» አለች አምሳል። «እንግዶች ናቸው።»

«ሰው ናት? እሷ ሱዳን በረሃ ላይ ቀርታለች። የዚያን ዘመን ከዚያ የተመለሱ ሰዎች ነግረውናል፣ አንድም አልተረፈም ብለው።» እጅዋን ዘረጋች። «ሰው ከሆንሽ ንኪኝ።»

ሁለቱ በዕድሜያቸው ተነካክተው አያውቁም። ዓይናዲስ ያቺን ጭብጥ የምታህል ቦታ ስትሻገር የእናቷን ድምፅ ሰማች፣ ወንዙን አሰበች፣ የሐረገወይንንም እናት አሰበች። ያ ሁሉ አልፏል። እጅዋን ሰጠቻት። የሐረገወይን ጣቶች መዳፏን ዳሰሱ፣ አውራ ጣቷን ፈልገው አገኙ፣ ይዘውም ቀሩ። ሁለቱም ተንሰቅስቀው አለቀሱ፤ አምሳልም ሳይገባት አብራ አለቀሰች።

«በላሁሽ እንዴ?» አለች ዓይናዲስ፣ ትንፋሿ ሲመለስ። «ያኔ። ዓይኔ ነው እንዴ?»

«ወባ ነው እቴ! ደንቢያ ቆላ ላጎቴ ሠርግ ሄጄ ይዤው የመጣሁት። ጤና ጣቢያ በቃሬዛ አወረዱኝ፣ ኪኒን ሰጡኝ፣ ተነሣሁ። ስነሣ ቤታችሁ ባዶ ነው።» ድምፅዋ ወረደ። «በረሃ የሰደድሁሽ እኔ ነኝ ስል ነው የኖርሁ። እናቴን ይቅር አላልኋትም፤ እንዲሁ ሞተች። የበላሁሽስ እኔ ነኝ።»

ዓይናዲስ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለች። ከስንት ዘመን በኋላ የሰው ፊት አየች፤ ግንባሩን፣ የጉንጩን ሽብሽብ፣ የፈዘዙትን ዓይኖች። ያየችው ፊት መልሶ አላያትም። በዚህ ደግሞ አዘነች፤ ዓይኗን መፍራት ስታቆም የሚመልስላት ዓይን አጣች።

«ታዲያ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሱዳን ላይ የመጣችብኝ ማን ናት? እዚያ ቤቴ ስትገልጥልኝ የኖረችው?»

ሐረገወይን ወደ ባዶው ዱካ ፊቷን መለሰች። «እኔስ ለማን ስገልጥ ኖርሁ?» አለች። «ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ እንኳ፣ እኔ አላነብ፣ ታነበዋለች ብዬ ነው የምገልጠው። ግለጪ ስትል በልቤ ይታወቀኛል እኮ።»

አምሳል ዱካውን ከዚያ ለማንሣት ጎንበስ አለችና እጅዋን ሰበሰበች።

ሐረገወይን ከራስጌዋ ጨርቅ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ነው። ገጾቹን በጣቷ እየዳሰሰች ሄደችና አንዱ ላይ ቆመች፤ የደረቀው ጭቃ አሁንም ለጣት ይሻክራል። «ይኸ ነው። ከዚህ ወዲያ አልገለጥሁም። ግለጪ አላልሽማ።»

ዓይናዲስ ዱካው ላይ ተቀመጠች። መጽሐፉ ለሐረገወይን ቀንቶ፣ ለእሷ ዘቅዝቆ ተዘረጋ። አነበበች። ጉሙን፣ መንገድ የጠፋባትን ልጅ፣ ደጃፉን። «ማነሽ?» የሚለው ላይ ደረሰችና «ግለጪ» አለች። ሐረገወይን ገለጠች።

ከማዶ የነበረው ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። ልጅቱ ስሟን ትናገራለች፤ የቤቱ ባለቤት የአክስቷ ባል ሆኖ ይገኛል፤ እራት በልታ ትተኛለች። አለቀ።

«ይኸው ነው?» አለች ሐረገወይን።

«ይኸው ነው።»

«የአክስቷ ባል?» ሐረገወይን ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ስንት ዘመን ሙሉ ጅብ ነው ስል!» ዓይናዲስም ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ልዕልት ሰምታት አታውቅም።

ጎንደር በቆዩበት ጊዜ ዓይናዲስ ደጋግማ ኮሶዬ ወጣች። ሌላ መጽሐፍ ጀመሩ። የመሰነባበቻው ቀን ሐረገወይን እጅዋን ይዛ፣ «እንግዲህ በስልክም ይሁን በሌላ፣ ጮኽ ብለሽ አንብቢልኝ» አለቻት። «የድሮዋ ልጅ አይደለሁም። አላይም፣ ጆሮዬም ከብዷል።»

በሚሄዱበት ጠዋት ዓይናዲስ ፒያሳ ሆቴሏ ውስጥ ሁለተኛውን ወንበር ከፊት ለፊቷ አደረገች። አንድ ገጽ አነበበች። «ግለጪ» አለችና ጠበቀች። ምንም የለም። ወንበሩ ወንበር ነው። እጅዋም ሳትልከው አልሄደም። ልጅቱ አልነበረችም፤ ዓይናዲስም ብቻዋን ስታነብ በዕድሜዋ ይህ የመጀመሪያው ነው። ገጹን ራሷ ገለጠች። ደስ አላት፣ ትንሽም ቀዘቀዛት። ሐረገወይን ኮሶዬ ላይ በሕይወት አለችና እዚህ ልትኖር አትችልም፤ ይህን ለልዕልት ነገረቻት፣ ፊቷን እያየች።

ልዕልት ሴት ልጅ ወለደች። ዓይናዲስ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀኑን ሙሉ ስታፈጥባት ትውላለች፤ ልዕልት «አይበቃም እንዴ?» እስክትል ድረስ። በስልክም ለሐረገወይን ታነባለች፤ ገጹን የምትገልጠው ራሷ ናት፣ ከማዶ ግን «ግለጪ» የሚል ድምፅ ይመጣል። አሁን ተራው ተገላብጧል። ወንበሩን ከጠረጴዛው አንሥታ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ወሰደችው።

ክረምቱ ሲገባ የኮሶዬው ስልክ ለጥቂት ቀን አልተነሣም። አንድ ዝናብ የሚጥልበት ከሰዓት በኋላ ዓይናዲስ መጽሐፏን ይዛ ስትመጣ ወንበሩ ከጠረጴዛው ማዶ ተመልሶ አገኘችው። ልዕልት ይሆናል አለች። ተቀመጠች፣ አነበበች፣ ገጹን ጨረሰች።

«ግለጪ» አለች፣ እንደ ልማዷ።

ገጹ ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ ጫፉ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ የማያይ ሰው ጣት ዳር ዳሩን ዳስሶ እንደሚያነሣው። የመጣችው ልጅቱ አልነበረችም። ዓይናዲስ ቀና ብላ ፊት ለፊት አየች። አልፈራችም።

ከጓዳ የልዕልት ስልክ ጮኸ። ልዕልት ስልኩን ይዛ መጣች፤ «እምዬ፣ ከጎንደር ነው፣ አምሳል ናት፣ እያለቀሰች ነው» አለች።

«አውቄያለሁ ልጄ። ትንሽ ትቆይ በያት።»

ከዚያ የሐረገወይን ጆሮ እንደከበደ ትዝ አላትና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ገጹን ከመጀመሪያው አነበበችላት።